ፖላንድ የሄደው ቁልፍ

«ግቢው ውስጥ የተቆለፈ ነገር ሁሉ ይከፈት» ያለችው ሌላ ሰው አይደለችም፤ ራሷ ገላነሽ ናት። የወላዷ የያምሮት እናት እማማ እናኑ ቢሉት ኖሮ፣ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም የመጡ ባላገር ናቸውና «የገጠር ወግ ነው» ተብሎ በታለፈ ነበር። ገላነሽ ግን ፍኖተ ሰላም ተወልዳ ፍኖተ ሰላም ባሏን የቀበረች፣ ግቢዋን ሸንሽና ለተከራይ የሰጠች፣ ስለ ሰው ቤት ሥርዓት ካልተናገረች ምሳዋ የማይወርድላት የከተማ ሴት ናት። ተከራይዋን ያምሮትን ንጋት ላይ የያዛት ምጥ ፀሐይዋ ሞቅ ብላም እየጸና ሲሄድ፣ ከበረንዳዋ ብድግ ብላ «የተቆለፈ እያለ ማሕፀን አይፈታም፤ ሣጥኑም ቁም ሣጥኑም ይከፈት፤ መቀነታችሁንም ፍቱ» ብላ አዘዘች። ማዘዝ ትወዳለች። አፏ ከልቧ ቀድሞ ስለሚሮጥ፣ በራሷ ላይ ምን እንዳወጀች የገባት ሁሉም ወደየክፍሉ ከገባ በኋላ ነው።

ወጉ የቆየ ነው። ምጥ ሲጠና ቤት ውስጥ የታሰረ ይፈታል፣ የተከደነ ይገለጣል፣ ጎተራ ሳይቀር አፉ ይከፈታል። ገጠር ቢሆን ቀላል ነበር፤ አንድ ሣጥን ከፍቶ፣ ሁለት ጆንያ ፈትቶ መገላገል ነው። የከተማ ተከራይ ግን ንብረቱ ትንሽ፣ ቁልፉ ብዙ ነው፤ በየቁልፉ ጀርባ ደግሞ ጉድ አለ። ልብስ ሰፊው ቂርቆስ የማሽኑን ሣጥን ሲከፍት፣ «ክሩ ከባሕር ዳር አልመጣልኝም» እያለ ከፍልሰታ ጀምሮ ያመላለሳት የጎረቤት ሴት ጨርቅ መቀስ ሳይነካው እንደታጠፈ ቁጭ ብሎ ተገኘ። መምህር ቴዎፍሎስ ሻንጣውን ከፍቶ ወዲያው ፎጣ ጣል አደረገበት፤ ጠርሙሶቹ ግን እርስ በርስ ተጋጭተው አሳጡት፤ ተማሪዎቹን ስለ መጠጥ ጉዳት ሲመክር የሚውል ሰው ነው። ባጃጅ ነጂው ጌታሁን የባጃጁን መሣሪያ ሣጥን ከፈተ፤ እዚያ ውስጥ እንኳ የሁለት ሴቶች ፎቶ ነበር። ገላነሽ የውሃ ቧንቧዋን ቁልፍ ፈታች፤ ተከራዮቹ ቧንቧው ከተፈቀደው ሰዓት በፊት ተከፍቶ ሲያዩ ይኸ የመጀመሪያቸው ነው። እርስ በርስ ተያይተው ባልዲ ለማምጣት ቢያስቡም፣ ከያምሮት ክፍል የሚወጣው «ማርያም፣ ማርያም» አሳፈራቸውና ተዉት።

ሁሉም ከፍቶ ሲያበቃ የቀረው አንድ ነው፤ ከያምሮት ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራው የገላነሽ ዕቃ ቤት። በሩ ላይ ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። እማማ እናኑ መቀነታቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ መጡና በሩ ፊት ቆሙ።

«ይችስ፣ እመቤቴ?»

«እሷማ ባዶ ናት። ቁልፏንም ልጀ ስመኘው ነው ይዞት የሄደ።»

«ወዴት ይዞት ሄደ?»

«ፖላንድ ነዋ። ኪሱ ውስጥ ረስቶት።»

እማማ እናኑ ጓጉንቸሩን ቀና ብለው አዩት፤ «አይ ሰው አገር» አሉና ወደ ልጃቸው ተመለሱ። ቁልፉ በዚያ ሰዓት ከገላነሽ ማተብ ጋር ታስሮ ደረቷ ላይ ነበር። ስመኘው ራሱ ደግሞ ከጓጉንቸሩ ጀርባ፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስመኘው ባለፈው ፋሲካ ማግስት ለሥራ ፖላንድ ሊሄድ ነው ተብሎ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ በግ ታርዶ፣ ሰፈሩ መርቆ ሸኝቶታል። ፖላንድ በየት በኩል እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም፤ «ከዱባይ ይርቃል?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ገላነሽ «ዱባይ ደግሞ ምን አገር ነው» እያለች ትመልስ ነበር። ልጁ ግን ከአዲስ አበባ አላለፈም። ደላላው ስልኩን አጠፋ፣ ልጁም አውሮፕላኑን በሩቁ አይቶ ተመለሰ። አንድ ምሽት እናቱ በር ላይ ሲቆም አቅፋው አለቀሰች፣ እግሩን አጠበችው፣ አበላችው፤ ከዚያም ዕቃ ቤት አስገብታ ቆለፈችበት። «ነገሩ እስኪረሳ ነው» አለችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የገላነሽ ግን እያደር ከበደ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለሰች ልጁ ከዕቃ ቤት በስልኩ ይደውልላታል፤ እሷ ግቢው መካከል ቆማ ተከራይ ሁሉ እንዲሰማ «ስሜ፣ ብርዱ እንዴት አረገህ? በረዶው ጋብ አለልህ?» እያለች ትጮኻለች። በመካከላቸው ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ልጁ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር። ኋላ መልስ መስጠቱን ተወው፤ እሷም የሁለቱንም ድርሻ ብቻዋን ማውራት ለመደች። ልጇን ትወደዋለች፤ ምግቡን ከራሷ አስቀድማ በነጠላዋ ሸፍና ታስገባለታለች። የሰው አፍ ግን ትፈራለች፤ ፍቅሯና ፍርሃቷ በተጋጠሙ ቁጥር የሚያሸንፈው ፍርሃቷ ነበር።

ለያምሮት የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ወንዳወቅ ቡሬ ፋብሪካ ይሠራል፤ የቡሬው መንገድ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል፣ ለምን ተዘጋ ብሎ መጠየቅም ሰው ከተወ ቆይቷል። መንገድ ሲዘጋ ቤንዚንም አብሮ ስለሚጠፋ ከተማው ውስጥ ባጃጅ የለም፤ የጌታሁን ባጃጅ ራሱ ግቢው ጥግ ላይ ደርቆ ቆሟል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ሩቅ ገጠር ወጥቷል። ደግነቱ ከተከራዮቹ አንዷ ፀደንያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ እሷም የምትሠራው በቡሬው መንገድ ባለ ጤና ጣቢያ ነውና ሥራ ሳትሄድ ቤት ውላለች። «ገና ነው፤ የበኩር ልጅ አይቸኩልም፤ እስከዚያ አምቡላንሱ ይደርሳል» ብላ ነበር። የበኩር ልጅ ግን አንዳንዴ ይቸኩላል። ፀደንያ ያምሮትን «ቁጭ በይ፣ ተነሽ፣ አሁን አታምጪ» ስትላት እማማ እናኑ ከጥግ ሆነው «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እያሉ ቢያጉረመርሙም፣ ወገቧን ደግፈው የያዙት እሳቸው ናቸው።

ምሳ ሰዓት ገደማ ልጅቱ ተወለደች። ሴት ናትና የግቢው እልልታ አጠር አለ። ገላነሽ ግን ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሌሎቹ ካቆሙም በኋላ እልል አለች። ሌላው ለልጅቱ መሰለው። እሷ እልል ያለችው ግን አንድ ጓጉንቸር ሳይከፈት ልጅ በሰላም ስለተወለደ፣ እግዜር ዕቃ ቤቷን አልቆጠረባትም ብላ ነው። ወዲያው ወደ ማጀት ገብታ ለገንፎ የሚሆን ድስት ማማረጥ ጀመረች።

የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ፀደንያ ሕፃኗን ጡት አስያዘች፣ ያምሮትን ሽንቷን አሸናቻት፣ ሆዷን በእጇ አሸት አሸት አደረገችላት፤ ጠበቀች፣ ደግማ ጠበቀች። ደሙ ይፈስ ጀመር። በመጀመሪያ እንደማንኛዋም ወላድ ነበር፤ ቀጥሎ ከሥሯ ያነጠፉት ጨርቅ ራሰ፤ ከዚያ ሌላው ጨርቅም ራሰ። ፀደንያ ወደ ግቢው ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «የእንግዴ ልጁ አልላቀቅ ብሏል፤ ደሟ እያለቀ ነው። እዚህ ላደርግላት የምችለው አልቋል። አሁኑኑ ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞትብናለች» አለች፤ እንዲህ ስትል ድምፅዋን አላነሣችም። እማማ እናኑ መሬቱ ላይ ዘፍ አሉ። «የቀረ አለ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «የቀረ የተቆለፈ አለ።»

ገላነሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቁልፍና የእንግዴ ልጅ ምን አገናኛቸው ብላ ከራሷ ጋር ተከራከረች፤ የተማረ ሰው ቢሰማት እንደሚስቅባትም አሰበች። ጠዋት ከዚሁ በረንዳ ላይ ቆማ አዋጁን ያወጀችው ግን እሷው ናት። ያምሮትን ስታስባት ደግሞ ከሌሊቱ የሬዲዮ ጩኸት በቀር ክፉ ነገር አጣችባት፤ ሳትጠራት የማትመጣ፣ በጨው እንኳ ሰው የማታስቸግር፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሹራብ ስትሠራ የምትውል ልጅ ናት። ግን ከኪዳነ ምሕረት ደጃፍ እስከ ገበያው ያለ ሰው ሁሉ ሲስቅባት ታያትና፣ እጇ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

«እንሸከማት» አለ ቂርቆስ። የዕድሩ ቃሬዛ ሟች ይዞ ወጥቷል፤ በማለዳ አንድ ሽማግሌ አርፈው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ቀብር ነው። ስለዚህ የገላነሽን የጠፍር አልጋ አወጡና ያምሮትን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኟት። ሕፃኗን እማማ እናኑ ታቀፏት። ፀደንያ ከጎን ሆና የወላዷን ሆድ መጫን አለባት። ሆስፒታሉ ዳገቱ ላይ ነው፣ ያውም ድንጋዩ የተነቀለ ዳገት። አልጋ አራት ማዕዘን አለው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ወንድ ቂርቆስ፣ ቴዎፍሎስና ጌታሁን ብቻ ነው።

«አራተኛዋ እኔ ነኝ» አለች ገላነሽ። ቀሚሷን ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አደረገችና አራተኛውን ማዕዘን ያዘች። ማንም አልሳቀም። የቻለችውን ያህል ከልቧ ነው ያነሣችው፤ ዓይኗ ፈጠጠ፣ አንገቷ ተገተረ። የግቢው በር ደፍ ላይ ሲደርሱ ግን ጉልበቷ ከዳትና አልጋው በእሷ በኩል አጋደለ። ያምሮት ተንሸራታ ጭንቅላቷ ከቋሚው ጋር ተጋጨ፤ ከጠፍሩ መካከል የወረደው ደም የገላነሽን ክንድ እስከ ክርኗ አራሰው። ትኩስ ነበር። ያምሮት አልጮኸችም፤ ለመጮኽ የሚሆን ጉልበት አልቀራትም።

«አውርዷት» አለች ፀደንያ። «እንዲህ ከሆነ መንገድ ላይ ታልቃለች። ሌላ ወንድ የለም?»

ቂርቆስ ሰማዩን አየ። መምህር ቴዎፍሎስ የጫማውን ጫፍ አየ። ጌታሁን የደረቀች ባጃጁን አየ። እማማ እናኑ የታቀፏትን ሕፃን አዩ፤ ፀደንያም የጠየቀችውን ጥያቄ መልሳ እንደመዋጥ አለችና ወደ ያምሮት ጎንበስ አለች። ያን የሚያህል ጓጉንቸር ከፊታቸው ተንጠልጥሎ፣ የአንድ ሰው ዓይን እንኳ ተሳስቶ አላረፈበትም። ገላነሽ ያን ጊዜ ገባት። የማያውቁት በር ቢሆን ኖሮ አንዳቸው ያዩት ነበር። ያውቃሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ እንጂ ሁሉም ያውቃሉ፤ እሑድ እሑድ ግቢው መካከል ቆማ ስለ በረዶ ስትጮኽ ከየበራቸው ሆነው ሰምተው፣ ኋላም «ስሜ ደህና ነው? ተስማማው?» ብለው በጨዋ ደንብ ጠይቀዋታል። አሁን እንኳ፣ ሰው እየሞተ፣ በሯን ክፈቺ የሚላት የለም። ገበናዋን እሷው እንድትገልጠው ትተውላታል። እፍረቱ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ፊቷ ላይ ወጣ፤ በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ቁልፉን ከማተቧ እስክትፈታ አልጠበቀችም፤ ማተቧን በጥርሷ በጠሰችው። ጓጉንቸሩን ከፈተች።

«ውጣ» አለችው። «ሰው ጎደለ፤ ና ያዝ።»

ስመኘው በክንዱ ዓይኑን ከልሎ ወጣ። ፀሐይ ሳያየው ፊቱ ነጥቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ ጺሙ አድጓል፤ በእርግጥም ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ይመስላል። ማንንም ሳያይ ሄዶ አራተኛውን ማዕዘን ያዘ። አልጋው ቀጥ ብሎ ተነሣ።

«እንኳን ደህና ገባህ፣ ስሜ» አለው ቂርቆስ ከወዲያኛው ጫፍ፣ እንደ ማንኛውም ከመንገድ እንደመጣ ሰው። «አገሩ ተስማምቶሃል መሰል፤ ወፍረሃል።»

«እግዜር ይመስገን፣ ጋሽ ቂርቆስ።»

«መንገዱ አልከበደህም፣ ልጀ?» አሉት እማማ እናኑ።

«ኧረ አልከበደኝም፣ እማማ። ቅርብ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ዳገቱ አላናገራቸውም። ገላነሽ ትራሱን ይዛ ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ከቀብር የቀሩት ሴቶችና አዛውንቶች ከየሱቁ እየወጡ፣ እጅ እየነሡ አሳለፏቸው፤ በመጀመሪያ አልጋው ላይ ያለችውን ያያሉ፣ ቀጥለው ደግሞ ተሸካሚውን። «ያ ስመኘው አይደለም?» ሲባል ሰማች። አንገቷን ደፋች። ትንሽ ራመድ እንዳሉ ግን ሌላ ድምፅ መጣ፤ «ዛሬ መግባቱ ነው አሉ፤ ሻንጣውን እንኳ ሳያራግፍ ደርሶ ተሸከማት።» ቀጥሎም የአንዲት ሴት፤ «ከፖላንድ ድረስ መጥቶ! ያሳደገች ትባረክ።» ገላነሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እሷ ስትሠራው ከብዷት የከረመውን ውሸት ሰፈሩ በአንድ ዳገት ውስጥ አሳምሮ ሠርቶ በነፃ ሰጣት። ልጁ መጥቷል፤ ያውም በክብር መጥቷል። እሷ ምንም ማለት የለባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። አንገቷ ቀስ በቀስ ቀና ሲል ታወቃት።

ሆስፒታል ያምሮትን ተቀብለው በሩን ዘጉ። እማማ እናኑና ገላነሽ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዷ ልጇ ሞት አፋፍ ላይ ናት፣ ሌላዋ ልጇ ውጭ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቷል። ብዙ ቆይታ ፀደንያ ወጣች፤ ሐኪሙ የእንግዴ ልጁን በእጁ እንዳወጣው፣ ደሙ እንደቆመ፣ ደምም እየተሰጣት እንደሆነ ነገረቻቸው። እማማ እናኑ ወለሉ ላይ ተደፍተው ሳሙት። «አላልሁም? የቀረው ሲከፈት ወጣ» አሉ። ፀደንያ የሐኪሙን እጅና የአልጋውን አራተኛ ማዕዘን አስባ ልትመልስላቸው ነበር፤ ኋላ ተወችው። ገላነሽ ደግሞ ማን ትክክል እንደሆነ ለማሰብ አልደፈረችም።

አመሻሽ ላይ እንድታያት ተፈቀደላት። ያምሮት እንደ ነጠላ ነጥታ፣ ክንዷ ላይ የደም ቱቦው ተሰክቶ ተጋድማለች። ገላነሽ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ያምሮት ከንፈሯን ለማራስ ጊዜ ወሰደባት።

«እትየ ገላነሽ፣ ስሜ ከመጣ አይቀር ደረቱን ይታይ። ክረምቱን ሙሉ ሲስል ነው ያደረ።»

ገላነሽ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ሳሉ ሲነሣበት ሬዲዮኑን ከፍ አደርግ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማብዎ ብየ። ስበድልዎ ከርሜ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ።»

በዚያ ሬዲዮ ምክንያት ገላነሽ ስንት ቀን ግድግዳውን በቡጢ ደብድባለች። ባለፈው ወር ደግሞ «ስትወልጅና ስትጠነክሪ ቤቴን ልቀቂልኝ፤ ሌሊት ሙሉ ዳንኪራ አልወድም» ብላታለች፤ ያምሮትም አንገቷን ደፍታ «እሽ» ብላ ነበር። አሁን ገላነሽ ብርድ ልብሱን ወደ ያምሮት ትከሻ ሳብ አደረገችላት፣ ሳያስፈልግ ደግማ ሳብ አደረገችላት፣ ከዚያ እያለቀሰች ወጣች።

ልጇን ከሣሩ ላይ አስነሣችና ካርድ ክፍል ወሰደችው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከቀብር የተመለሱ የሰፈሯ ሰዎች ሳይቀሩ ወላዷን ሊጠይቁ መጥተው እዚያው ቆመዋል። ስመኘውን እያቀፉ «እንኳን ለአገርህ አበቃህ» ይሉታል፤ አንዱ ስለ አውሮፕላኑ፣ ሌላው ስለ በረዶው ሊጠይቀው አፉን አሹሏል። ተራቸው ደረሰ። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ስሙንና ዕድሜውን ጠየቀች።

«ከየት ነው የመጣው?»

ከኋላ ያለው ሰው ጨዋታውን አቋረጠ። ስመኘው እናቱን አየ። ገላነሽ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ድምፅዋንም እንደ እሑዱ ከፍ አደረገች።

«ከቤት» አለች። «ከግንቦት ጀምሮ ቆልፌበት፣ ከገዛ ቤቴ ነው የመጣ።»

ልጅቱ የጠየቀችው ቀበሌውን ነበር።